በሰርኬ ስም

ሰርኬ ከመጋዘኑ በር እስከ ቦታዋ ያሉትን አርባ እርምጃዎች ሰው ሳይነቃባት የምታልፍበትን ዘዴ ካበጀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ታጠብቃለች። አስራ አምስት እርምጃ ሄዳ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስል ጎንበስ ትላለች። ጎረቤቷ ስርጉት ዘንድ ስትደርስ ደግሞ "እንዴት አደርሽ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ከብቶች ደህና ናቸው" እያለች ትንፋሿ እስኪመለስ ሰላምታውን ታስረዝመዋለች። ስርጉት ከብት የላትም። ያየ ሰው ሰርኬ ጨዋ ሴት ናት ይላል፤ እውነት ነው፣ ጨዋ ናት፣ የዚያን ያህል ግን አልነበረም።

ገንዳ ውሃ ላይ ጥር የሰሊጥ ወር ነው። ከኮኪትና ከሽንፋ በጆንያ የመጣው ሰሊጥ አቶ ባየልኝ መጋዘን ይራገፋል፤ ትልቁ ማሽን ያነፍሰዋል፤ ማሽኑ የተወውን አፈርና እብቅ ደግሞ መቶ ሃያ ሴቶች በስድስት ረድፍ ተቀምጠው በወንፊትና በሰፌድ ያበጥሩታል። አቧራው ከቀትር በኋላ ከመብዛቱ የተነሳ ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሰው አይለይም። ለዚህ መድኃኒቱ ወተት ነው ይባላል። ማታ ማታ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ብርጭቆ ወተት ይታደላል፣ አቧራውን አጥቦ ያወርደዋል ተብሎ። ወተት መንገዱ ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ እንዳልሆነ የነገራቸው የለም። ይህን የሚያውቁት ጌታው አቶ ባየልኝ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እሳቸው የቢሯቸውን በር ዙሪያውን በስፖንጅ አስለጥፈው ይቀመጣሉ እንጂ ወተቱን ቀምሰውት አያውቁም።

በዚህ መጋዘን ቦታ ማለት ርስት ነው። ካቦው አንዱአምላክ ጠዋት ስም ይጠራል፤ "አቤት" ያለችው ሁሉ ያቺው ሴት ናት። አራስ የሆነች እህቷን ትልካለች፣ የታመመች ጎረቤቷን ትልካለች፣ የተላከችውም በላኪዋ ስም ተጠርታ በላኪዋ ስም ስታበጥር ውላ ትመለሳለች። አምና ስርጉት ስትወልድ ለአርባ ቀን ስርጉት የነበረችው የባሏ እህት ናት፤ ሴቶቹ ራሳቸው ለምደውት "ስርጉት፣ ውኃ አቀብይን" ይሏት ነበር። አንዱአምላክ ይህን ሁሉ ያውቃል። ረድፉ ይሙላለት እንጂ የማንንም ፊት አይመረምርም። ሦስት ቀን ባዶ ያደረ ቦታ ግን አለቀለት። ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ያንን የሚጠብቁ ሴቶች መቼም አይጠፉም።

ሰርኬ ቦታዋን የያዘችው ልጇን መነንን በጀርባዋ አዝላ ነው። አባትዬው መነን ገና ዳዴ ሳትል በወባ ሞተ። መነን ዛሬ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ክረምት መግቢያ ላይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አለባት። ሦስተኛ ክፍል ላይ ደብተር የዘጋችው ሰርኬ "ልጄ ወንፊት አትይዝም" ብላ ለራሷ ምላለች፣ መሐላዋንም ጠብቃለች። ቦታዋ ከሄደ ግን ቤት ኪራዩም ትምህርቱም አብረው ይሄዳሉ፤ መነንም ግድግዳውን ከሚደገፉት አንዷ ትሆናለች። ይህን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት አንዱአምላክ ሴቶቹን ሰብስቦ የውጭ ገዢዎች የሠራተኞቹን የጤና ማረጋገጫ ጠየቁ ሲል፣ ሰርኬ መጀመሪያ ያሰበችው አርባዎቹን እርምጃዎች ነው።

የመጣው ባለሙያ ማዕረግ የሚባል ከጎንደር የተላከ ወጣት ነበር። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ችኩል። ሚዛን ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጋና ከቦርሳው መዳፍ የምታህል ማሽን አወጣ፤ በአንድ በኩል የካርቶን ቱቦ ይሰካባታል። በቱቦው በሙሉ ኃይል ሲነፉባት የሳንባን ዕድሜ በቁጥር ትናገራለች አለ። "ሰው አርባ ዓመት ሁኖት ሳንባው ሰባ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ የሆነ እዚህ መሥራት የለበትም፤ ይታከም።" ያለፈች ካርድ ይሰጣታል። ያላለፈች እስኪሻላት ቤቷ ትቀመጣለች። እስኪሻላት የምትለዋ ቃል ከሦስት ቀን እንደምትረዝም ሴቶቹ ሳይነገራቸው ገባቸው።

እንዴት እንደሚነፋ ለማሳየት ፈቃደኛ ሲጠይቅ የአቶ ባየልኝ ልጅ ሔለን ሳቅ እያለች ወጣች። ጎንደር ነው የምትማረው፤ ለእረፍት መጥታ ነበር። እሷና መነን የተወለዱት በአንድ ወር ነው። ሔለን በሕፃንነቷ ሁለት ክረምት ሳል ሲመላለስባት ሐኪሙ "ከዚህ አቧራ አርቋት" አለ፤ አባቷም ጎንደር ቤት ሠሩና እናትና ልጅን ወሰዱ። ይህን ገንዳ ውሃ ያልሰማ የለም። አሁን ቱቦውን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነፋች፤ ማሽኗ ጢጥ አለች።

"አስራ ሰባት። ልክ ዕድሜዋን" አለ ማዕረግ። አባቷ አጨበጨቡ፤ የቢሮው ሰዎችም ተከትለው አጨበጨቡ።

ሰርኬ አላጨበጨበችም። ማሽኗን ነበር የምታየው። እንደ እባብ ነው የፈራቻት።

በዚያው ዕለት ከመጀመሪያው ረድፍ ሁለት ሴቶች ያለ ካርድ ወጡ። በማግስቱ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ረድፍ አምስት ወጡ። ከመካከላቸው አንዷ ከሰርኬ በስምንት ዓመት የምታንስ፣ ጆንያ ብቻዋን የምታነሳ ሴት ነበረች። የሰርኬ ረድፍ ተራ ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ያሰበችውን ነገር መንገድ ላይ አሰበችው፣ ቤቷ ስትደርስ ወስናለች።

ቤቷ ሩቅ አይደለም። ከመጋዘኑ ጀርባ ነው፤ የማሽኑ ትልቅ ቱቦ እብቁን የሚተፋው ወደዚያ ሰፈር ነው። ኪራዩም የረከሰው ለዚህ ነው። መነን መስኮቱን ዘግታ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ፊዚክስ ታጠናለች።

"ነገ እኔን ሁነሽ ትገቢልኛለሽ" አለቻት እናቷ።

መነን ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። አልወደደችውም። "እማየ፣ ይኸ እኮ ማጭበርበር ነው።"

"ስርጉት አርባ ቀን ሌላ ሰው ነበረች። ማን ተጎዳ?"

"ያ ወንፊት ነው። ይኸ ትንፋሽ ነው። እኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ብነፋ ማሽኑ አስራ ሰባት ይላል። ያጋልጠናል።"

ሰርኬ ይህን አስባበት ነበር። መንገዱን ሙሉ ሌላ ያሰበችው ነገር የለም። "ለዚህ ነዋ የምነግርሽ። ሁሉንም እንዳትነፊ። ግማሹን አስቀሪው።"

"ግማሽ ትንፋሽ በምን ይለካል?"

"አንች አይደለሽ የተማርሽ? ለኪዋ።"

መነን ፈገግ ማለት አልፈለገችም፤ አለች። ከዚያ የእናቷን ትከሻ አየች፤ ከመጣች ቆይታለች፣ ትከሻው ግን አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል። ደብተሯን አጠፈች። "እሽ" አለች።

ረቡዕ ረፋድ ላይ መነን የእናቷን አቧራ የጠጣ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላውን እስከ ዐይኗ ተከናንባ ከረድፉ ጋር ተሰለፈች። ሰርኬ ደግሞ የስርጉትን ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ሚዛን ክፍሉ ውስጥ ተራ ከሚጠብቁት ጋር አግዳሚው ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። ቀኑ ይሞቃል። የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጣጣል። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ እያጓራ ነው።

"ሰርኬ ዓለሙ" አለ አንዱአምላክ በሩ ላይ ቆሞ።

"አቤት" አለች መነን።

አንዱአምላክ አያት። ሰርኬንም አግዳሚው ላይ አያት። ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ማዕረግ ለቢሮ ሰዎች "እርስዎ" ለሴቶቹ "አንቺ" የሚል፣ ቀና ሳይል የሚጽፍ ልጅ ነበር። "ዕድሜ?" አለ።

"አርባ ሁለት።"

ብዕሩ ቆመ። የድምጿ ነገር ነው ያስጠረጠረው መሰለኝ፤ ድምፅ በነጠላ አይሸፈንም። "እስቲ ነጠላውን አውርጂው" አለ። መነን አወረደችው። ማዕረግ ፊቷን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ደግሞ ፊቷን አየ። "አርባ ሁለት ነው ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"የሰው ተራ ይዘሽ ከመጣሽ አሁኑኑ ንገሪኝ። ካርድ በውሸት ከወሰድሽ አንቺም የላከችሽም ትባረራላችሁ። እኔ ነኝ ለባለቤቱ የምነግረው።"

 ሰርኬ ልትነሳ አግዳሚውን ተደገፈች። ከመሐል ስርጉት ነበረች የደረሰችላቸው። "አይ ዶክተር" አለች፣ "የሰሊጥ ዘይት እኮ ነው ስንተነፍስ የምንውል። ፊታችን ከየት አምጥቶ ይሸበሸባል?" ሴቶቹ ሳቁ፤ ከሚገባው በላይ ሳቁ። ማዕረግ አልሳቀም።

"ማሽኑ ይነግረናል" አለና ቱቦውን ለመነን ሰጣት። "ልጅ ከሆንሽ እዚሁ ላይ ቁጭ አድርጎ ያሳየናል።"

ሰርኬ በሻሹ ውስጥ ከንፈሯን ነክሳ ጊዮርጊስን ለመነች። ስለት ተሳለች። ዛሬ ብቻ፣ ለዚህች ሰዓት ብቻ፣ የልጄን ትንፋሽ አሳጥርልኝ አለችው። እናት ናት፤ እንዲህም ብሎ የሚለመን ነገር መኖሩ በጊዜው አልከበዳትም።

"ሳቢ" አለ ማዕረግ። "ሳቢ፣ ሳቢ፣ ሙዪው። አሁን ንፊ። ንፊ ንፊ ንፊ ጨርሺው፣ እንዳታቆሚ፣ ንፊ!"

መነን ነፋች። አንገቷ ላይ ሥሮቿ ተገተሩ። ማሽኗ ጢጥ አለች። ማዕረግ ሁለተኛ አስነፋት። ሦስተኛም አስነፋት። በሦስተኛው መነን ሳል ያዛት፤ ጠረጴዛውን ይዛ ሳለች። ሰርኬ ቁጥሩ ይታያት ይመስል አንገቷን አሰገገች፤ ቢታያትም ሩቅ ነበር።

ማዕረግ የማሽኗን መስተዋት ወደ ብርሃኑ አዞረ። ግንባሩን አሻሸ። ከዚያ ድምፁ ተለሳለሰ።

"አርባ አራት" አለ። "ይቅርታ እህቴ። ጠርጥሬሽ ነበር። ይህን ያህል ዓመት አቧራ ውስጥ ለሠራች ሴት ደህና ነው፤ እንደ ዕድሜሽ ነሽ።" ማኅተሙን አነሳና ካርዱ ላይ አሳረፈው። "ቀጣይ!"

ሰርኬ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ልጇን ተከትላ ወጣችና ከጆንያው ክምር ጀርባ ወስዳ አቀፈቻት። ግንባሯን ሳመቻት፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ ካርዱን ተቀብላ ደረቷ ውስጥ ከተተች።

"ጎበዝ! እንዴት ያለች ልጅ ናት እናንተዬ! ላስቀር ብሎ ልክ በልክ አርባ አራት ላይ ማቆም! ስንቱን አስቀረሽ?"

መነን ነጠላዋን እያጠፈች መሬት መሬት ታያለች።

"ስንቱን አስቀረሽ ልጀ?"

"ምንም አላስቀረሁም።"

"እንዴት?"

"ላስቀር ነበር፣ እማየ። ሰውየው ንፊ ንፊ ሲለኝ ፈተና ፈተና መሰለኝና ረሳሁት። ሁለተኛው ላይ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን አስራ ሰባት ሊመጣ ነው ብየ ስጠብቅ ፊቱ ምንም አልሆነም። ሦስተኛውን እኔ ራሴ ለማወቅ ብየ እስኪያልቅ ነፋሁት።" ቀና አለች። "ያለኝ እሱው ነው።"

ለዚህ ሒሳብ ሦስተኛ ክፍል ይበቃል። ከአርባ አራት ላይ አስራ ሰባት ሲነሳ ሃያ ሰባት ይቀራል። ሃያ ሰባት ዓመት ከልጇ ላይ የወሰደው ማን ነው? ሰርኬ ቆማ ወደ ኋላ ተመለከተች። መነንን በጀርባዋ አዝላ ስታበጥር፤ ሕፃኗ የእናቷ ላብና የሰሊጥ አፈር ተቀላቅሎባት እንቅልፍ ሲወስዳት። በእግሯ ስትሄድ ከጆንያ ላይ አስተኝታት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ እዚያው ጥግ ደብተሯን ዘርግታ ስትጠብቃት። ከዚያ ደግሞ ቤት፣ መስኮቱ ቢዘጋም እብቁ የሚገባበት ቤት። ሰርኬ ወንፊት አላስያዘቻትም። ወንፊቱ ነው እንጂ የያዛት። ጧት ጧት ስታስል ትሰማት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ጧት ጧት ስለሚያስል የልጇ ሳል ለብቻው ሳል መስሎ አልታያትም። አሁን ግን ያ ስለቷ ትዝ አላት። ትንፋሿን አሳጥርልኝ ብላ ነበር የለመነችው። ያፈረችውን ያህል በሕይወቷ አፍራ አታውቅም።

"ነይ" አለችና እጇን ያዘች።

"ወዴት?"

"ነይ ነው የምልሽ።"

ሚዛን ክፍሉ ውስጥ ስርጉት ቱቦውን ይዛ ሳለ ገቡ። ሰርኬ ሻሿን ፈታች፣ ካርዱን ከደረቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አንዱአምላክ ከበሩ ሮጦ መጣ ማለት ይቻላል።

"ሰርኬ፣ ያዥና ሂጂ" አለ ዝግ ብሎ። "ማንም አልጠየቀሽም።"

እሷ ለእሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወጣቱን አየችው። "ሰርኬ እኔ ነኝ። የነፋችው ልጄ ናት። አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። አርባ አራት ያልከው የሷን ነው።"

ማዕረግ ቀይ ሆነ። መጀመሪያ ተቆጣ፤ እንደሚቆጣ ታውቅ ነበር። ስለ ደንብ ተናገረ፣ ስለ ባለቤቱ ተናገረ። ንግግሩ መሐል ላይ ግን ያለችው ነገር ገባው መሰለኝ፤ ወንበሩን ለመነን ሳበላት። ማሽኗ ላይ ዕድሜውን አጥፍቶ አስራ ሰባት ብሎ ጻፈና አዲስ ቱቦ ሰካ። በዚህ ጊዜ "ንፊ ንፊ" አላለም፤ "ቀስ ብለሽ፣ ያለሽን ሁሉ" ነው ያላት። ቁጥሩ ያው ነበር። ማሽኗ ላይ ቀይ መብራት ብቻ ተጨመረ።

"ይኸ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች?" አለ።

"አንድ ቀን ሠርታ አታውቅም።"

"ቤታችሁ የት ነው?"

ሰርኬ በመስኮቱ አሳየችው። ቱቦው እብቁን እየተፋ ነበር፤ ከታቹ ያሉት ጣሪያዎች አመድ ለብሰዋል። ማዕረግ ረጅም ጊዜ አየው። ሦስት ቀን እዚህ ሲውል ወደዚያ ዞር ብሎ ያየ አይመስለኝም።

"ይመለስላታል?" አለች ሰርኬ። "እሱን ብቻ ንገረኝ። የኔን ተወው።"

"ያለፈው ሁሉ ላይመለስ ይችላል። ገና ልጅ ናት፤ ከአቧራው ከራቀች የቀረው ይተርፋል። ጎንደር የሳንባ ሐኪም ይያት፤ እጽፍልሻለሁ።" ጻፈ። ሲጽፍ እጁ ይፈጥን ነበር፤ ቃሉ ግን ዘገየ። "ዋናው ከዚያ ቤት አውጪያት።"

"ወዴት ላውጣት?"

ማዕረግ ወረቀቱን ቀዶ ሰጣት። አንዱአምላክ ካርዱን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተ፤ በስሟ ላይም መስመር አሰመረ። "ይህን ሁሉ ሰው ፊት ባትናገሪው ምን ነበረበት" አለ፤ ተናዶ ሳይሆን አዝኖ። ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ከተደገፉት ሴቶች አንዷ ቀሚሷን አራግፋ ቀረብ አለች። ሰርኬ አልጠላቻትም።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። መንታ መንገዱ ላይ ሲደርሱ መነን ወደ ቤት ልትታጠፍ አለች፤ ሰርኬ እጇን ሳትለቅ በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ያዘች። ለጎንደር አውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ መቀነቷ ላይ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቅም። ብታስበው እንደማትሄድ ግን ታውቃለች።

"ደብተሮቸስ?" አለች መነን።

"ስርጉት ትልክልሻለች።"

መንገዱ ዳገት የለውም፤ ለሰርኬ ግን ዳገት ነበር። ገበያው ጫፍ ላይ ቆመች። ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት ደግሞ ቆመች። እንዲህ ስትቆም መነን ሁልጊዜ አብራት ትቆማለች፤ ቃል አትናገርም፤ ሰርኬም ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ ትጠብቀኛለች እያለች ትመርቃት ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስትቆም ዞር ብላ አየቻት። መነን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እሷም አየር ትፈልግ ነበር።